የቡና ማሽን አያያዝ፦ ጀበናው ለእሁድ ይቆየን

በሥራ ቀን ጠዋት ጀበና ጥዶ የሚጠብቅ ጊዜ የለኝም። እዚህ ቨርጂኒያ ገና ሳይነጋ ነው የምወጣው። ስለዚህ ቡናውን በወረቀት ማጣሪያ እያጣራ የሚያወርደውን ማሽን ተለማምጄዋለሁ።

ዋናው ነገር አፈጫጨቱ ነው። ለጀበና ልሞ የተፈጨ ቡና እዚህ አይሠራም። ወረቀቱን ይደፍነዋል፤ ውሃው መውረጃ ሲያጣ ሞልቶ ዝቃጩን ይዞ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። ከአገር ቤት የተላከው ዱቄት ለጀበናው ይቀመጥ። ለማሽኑ ተቆልቶ ያልተፈጨ ቡና ገዝታችሁ እንደ ሻካራ አሸዋ አድርጋችሁ ፍጩት። ይርጋጨፌ ከሆነ ደግሞ ጠቆር ያለ አቆላል አትምረጡ፤ ያ የአበባ መዓዛው ይጠፋል።

ለ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ቡና በቂ ነው። ሚዛን ከሌለ ከ10 እስከ 12 የሾርባ ማንኪያ። ማሽኑ ላይ የተጻፈው «12 ኩባያ» እንዳያሳስታችሁ፤ የእነሱ አንድ ኩባያ 150 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የእናቴ ሲኒ ቢሆን ሁለት ይወጣዋል።

ቡናው ከወረደ በኋላ ማሞቂያው ላይ ግማሽ ሰዓት አታቆዩት፣ ይመራል። ወደ ፔርሙዝ ገልብጡት።

ጽዳቱን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ውሃው ውስጥ ያለው ካልሲየም ቱቦው ላይ እየጋገረ ማሽኑን ያዘገየዋል። በወር አንዴ ነጭ አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅላችሁ ያለ ቡና አስነሱት። ግማሹ ሲወርድ አጥፉት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ጨርሱት። ቀጥሎ ንጹህ ውሃ ብቻ ሁለት ሦስቴ አስወርዱበት፤ አለዚያ ቡናችሁ ሰላጣ ሰላጣ ይላል።