ልጆች ያገኟቸውን ቢራቢሮዎችና ጥንዚዛዎች ለማስታወሻ እንዴት ማቆየት ይቻላል?

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ የካ አባዶ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ጠዋት ጠዋት ባዶ አይገኝም። ሌሊቱን አምፖሉን ሲዞሩ ያደሩ የእሳት እራቶችና ጥንዚዛዎች ወለሉ ላይ ወድቀው ይገኛሉ። ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አንዱን በመዳፏ ይዛ ትመለሳለች። መጀመሪያ ላይ በክብሪት ቀፎ እናስቀምጣቸው ነበር፤ በወሩ ስንከፍተው እግር ለብቻው፣ ክንፍ ለብቻው ይሆናል። በደንብ ከተያዘ ግን አንድ ቢራቢሮ ልጅቷ አድጋ ለራሷ ልጅ እስክታሳየው ድረስ ይቆያል።

አስቀድሜ የምለው፣ የምንሰበስበው ሞቶ የተገኘውን ብቻ ነው። በሕይወት ያለን ቢራቢሮ አሳድዶ መግደልን ልጅ እንዲለምደው አልፈልግም፤ ሞቶ የሚገኘው ለማንኛውም ቤት ይበቃል።

የማይነሱም አሉ። ፍሊት በተነፋበት ቤት የሞተውን ተዉት። ጥቁር ሆኖ በጀርባው ላይ ቢጫ ወይም ቀይ ቀበቶ ያለውን፣ አበባ ላይ የሚውለውን ጥንዚዛ ልጅ በእጁ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ሰውነቱ ውስጥ ያለው መርዝ ቆዳን ውኃ ያስቋጥራል፣ ከሞተ በኋላም አይጠፋም። የሞተ ንብና ተርብም መውጊያው ይወጋልና በወረንጦ ይነሳ። ለጀማሪ የምመርጠው ጠንካራ ጥንዚዛን ነው። ፌንጣ ቀለሙ ቶሎ ይጠፋል፣ ሆዱም ይሸታል።

ማለስለስ

የደረቀ ቢራቢሮ እንደ ድርቆሽ ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይሰባበራል፣ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ። ሥሩ ላይ በውኃ የራሰና የተጨመቀ ሶፍት አንጥፉ፤ ሻጋታ እንዳያወጣ ጥቂት ጠብታ አልኮል ጨምሩበት። ያገኛችሁትን በጠርሙስ ክዳን ላይ አድርጋችሁ ሶፍቱን ሳይነካ አስቀምጡና ክደኑት። ለቢራቢሮ አንድ ቀን ይበቃዋል፤ ትልቅ ጥንዚዛ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈልጋል። እግሩ በወረንጦ ሲነካ ሳይሰበር ከታጠፈ ደርሷል።

መውጋትና መዘርጋት

ቴሌቪዥን ሲገዛ በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም የለሰለሰውን በስፒል ወግቶ ለማቆም ተስማሚ ነው። ስፒሏን የሚወጋው ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጁ አጠገብ ተቀምጦ ወረቀቱን ይያዝ።

ጥንዚዛ በመካከሉ አይወጋም። ስፒሏ በቀኝ በኩል ባለው ጠንካራ ክንፉ የላይኛው ክፍል ትግባ፤ የጀርባው መካከለኛ መስመር ሳይበላሽ ይቆያል። ከዚያ እግሮቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ በሌሎች ስፒሎች ደግፏቸው። በጣም ትንሽ ከሆነ ጠንካራ ወረቀት ላይ በአንዲት ነጥብ ኮላ ማጣበቅ ይሻላል።

ቢራቢሮ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክንፉን በጣት አትንኩ፤ ጣት ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፉ ቅርፊት ነው፣ ቀለሙም እዚያው ነው ያለው። ሁለት ፎሞች አቀራርባችሁ በመካከላቸው ጠባብ ቦይ ተዉ። ስፒሏን በደረቱ መካከል አሳልፋችሁ ገላውን ቦዩ ውስጥ አውርዱት፤ ክንፎቹ በፎሙ ላይ ይረፉ። አሁን በቀጭን ስፒል የፊት ክንፉን ከጠንካራው ጅማት ኋላ ደገፍ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ግፉ። የፊት ክንፉ የታችኛው ጠርዝ ከገላው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሲሠራ አቁሙ፣ የኋላውን አስከትሉ። በላዩ ቀጭን ወረቀት አጋድሙና ስፒሎቹን ወረቀቱ ላይ፣ ከክንፉ ውጭ ትከሉ። በጥቅምትና በኅዳር ደረቅ አየር አንድ ሳምንት ያህል ይበቃዋል፤ ርጥብ በሆነ ጊዜ ሁለት ሳምንት ጠብቁ።

ከብል ማዳን

የመጀመሪያ ሥራችን የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከመስታወቱ ሥር እንደ ቡና ዱቄት ያለ ቡናማ ብናኝ አየሁና ፍሬሙን ስከፍተው፣ ጠጉራም ትንሽ ትል የእሳት እራቱን ሆድ ጨርሶታል። ልጄ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ የደረቀውን ሁሉ በካርቶን አድርጌ፣ ካርቶኑን በፌስታል አሽጌ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆየዋለሁ። መብራት ደጋግሞ ከጠፋ ቀኑን አስረዝማለሁ። ስታወጡት የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ፌስታሉን አትክፈቱ፤ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ለልብስ የሚቀመጠውን ናፍታሊን ግን ልጅ ባለበት ቤት አልመክርም፤ መርዝ ነው፣ ከረሜላም ይመስላል።

ጽሑፉና ፍሬሙ

ለእኔ ከቢራቢሮው እኩል የሚከበረው ከሥሩ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። መቼ፣ የት፣ ማን እንዳገኘው ልጁ ራሱ በእርሳስ ይጻፍ፤ እርሳስ እንደ እስክሪብቶ ቀለም አይለቅም። የእኛ የመጀመሪያው ወረቀት «ደረጃ ላይ፣ መስከረም 9፣ ዝናብ ነበረ» ይላል፤ «ረ» ተገልብጣ ተጽፋለች፣ አላረምናትም። አራት ኪሎ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ልጆቹን ወስዳችሁ ብታሳዩ፣ ባለሙያዎቹ እንዴት እንዳስቀመጡት ያያሉ።

ፍሬም ሠሪ ዘንድ ሄዳችሁ ከመስታወቱ እስከ ጀርባው አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው አሠሩ፤ ተራ የፎቶ ፍሬም ይጨፈልቀዋል። ጀርባው ላይ ፎም ለጥፋችሁ ስፒሏን ትከሉ፣ ዙሪያውን ክፍተት ሳይቀር በወረቀት ፕላስተር ዝጉ። ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከመስታወቱ ሥር ብናኝ ወይም ሻጋታ እንዳለ ተመልከቱ፤ ብናኝ ካያችሁ ሙሉ ፍሬሙን በፌስታል አሽጋችሁ ወደ ፍሪዘሩ መልሱት።