ሎሚው ወደ ሻዩ ተመለሰ

አዲስ አበባ ዳር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ ታክሲ የምጠብቀው ፀሐይ ላይ ነው። የተተከሉት ዛፎች ገና ቁመቴን አላለፉም። 47 ዓመቴ ነው፤ ጉንጬ ላይ ቡናማ ነገር ሲወጣ ጎረቤቴ «ማድያት ነው፣ ሎሚ ቀቢበት» አለችኝ።

ቀባሁ። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሎሚ ጨምቄ፣ በጥጥ። መጀመሪያ ፊቴ የጠራ መሰለኝ። በሁለተኛው ሳምንት አቃጠለኝ፣ ከዚያ ጠቆረ። ጥጡ ያለፈበት መስመር ሳይቀር ይታይ ነበር።

የቆዳ ሐኪም ጋ ሄጄ ነው የገባኝ። ሎሚ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን ጥቁረት ይተዋል። እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፤ ጨረሩ ብርቱ ነው። የሚሸውደን ብርዱ ነው።

ሎሚውን ተውኩ። ፊቴን ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ፣ ሳልፈትግ። ማታ እርጥበቱ ሳይደርቅ ስስ ቫዝሊን። ጠዋት ኤስፒኤፍ 30 የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ በሁለት ጣቶቼ ርዝመት ልክ። እንደ ሽቶ ጠብ አድርጎ መውጣት ዋጋ የለውም። ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። እውነቱን ለመናገር እረሳለሁ፤ ስለዚህ ጃንጥላ ይዤ መውጣት ጀመርኩ። «ዘነበ እንዴ?» እያሉ የታክሲ ረዳቶች ይስቁብኛል። ይሳቁ።

አምስት ወር ፈጀብኝ። የሎሚው ጥቁረት ለቀቀ፤ ማድያቱ ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም።

ጎረቤቴ አሁንም ሎሚ ትቆርጥልኛለች። ለሻይ።