የዕፅዋቱን ክኒን ካቆምሽ በኋላ ንዴቱ ሲመጣ፦ የቅድመ ማረጥ ስሜትን እንዴት እንደምትይዢው

ልጄ የበርበሬውን ዕቃ ሳትከድን ሄደች ብዬ ጮህኩባት። ጮህኩ ስልሽ ጎረቤት የሚሰማው ጩኸት ነው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ፣ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። 47 ዓመቴ ነው። ለ8 ወር ስውጠው የነበረውን ሰፕሊመንት ካቆምኩ ገና አሥረኛ ቀኔ ነበር።

ክኒኑ ሴንት ጆንስ ዎርትና ብላክ ኮሆሽ የሚባሉ ሁለት ዕፅዋት የተቀላቀሉበት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ከቫይታሚን ጋር ተደርድሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ላዩ ላይ ቢጫ አበባና «ተፈጥሯዊ» የሚል ቃል አለው። ሐኪሜ አዲስ መድኃኒት ልታዝልኝ ስትል «ሌላ የምትወስጂው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ምንም» አልኳት። ከቫይታሚን ጎን የሚሸጥ ነገር መድኃኒት መስሎ ታይቶኝ አያውቅማ! በኋላ ትዝ ሲለኝ ደውዬ ነገርኳት፣ «አቁሚው» አለችኝ፣ አቆምኩ። ካቆምኩ በኋላ ምን ሊመጣ እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ስለዚህ እኔ ልንገርሽ።

1. ያቆምሽው ምን እንደሆነ እወቂ

ጠርሙሱን እንዳትጥዪው። ከጀርባው የተጻፈውን አንብቢ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት የአንዱ ዕፅ ስም በትልቁ ይጻፍና ከኋላ በደቃቃ ፊደል ሌላ ሦስት አራት ነገር ይገኛል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕሊመንት እንደ መድኃኒት መሥራቱ በኤፍዲኤ (በምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት) ተረጋግጦ አይደለም ገበያ ላይ የሚወጣው።

ሴንት ጆንስ ዎርት እንደ ድብርት መድኃኒት ስሜት ላይ ይሠራል። በአንዴ ሲቆም አንዳንድ ሰው ላይ ማዞር፣ መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል። ብላክ ኮሆሽ ደግሞ በብዛት የሚወሰደው በማረጥ ጊዜ ድንገት ሰውነትን ለሚያግለው ሙቀት ነው፤ መሥራቱ ራሱ ያከራክራል። አልፎ አልፎ ጉበት ላይ ጉዳት ያደረሰባቸው ሰዎች ስላሉ፣ ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትሽ ከጠቆረ ይሄን ማንበብ ትተሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

2. የቀሩትን መድኃኒቶችሽን ለፋርማሲስት አሳዪ

ይሄን እንዳትዘዪው፣ ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። ሴንት ጆንስ ዎርት ጉበትን ያተጋዋል፣ ጉበት ደግሞ ሌሎች መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ ቶሎ ጠርጎ ያስወጣል። የእርግዝና መከላከያ ክኒን፣ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን፣ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ሁሉ ይዳከማሉ። ክኒኑን ስታቆሚ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ጉበትሽ ወደ ድሮው ይመለሳል። ያኔ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ የምትወስጂው ዋርፋሪን ደምሽ ውስጥ መጠኑ ከፍ ይልና ሊያደማሽ ይችላል። ስለዚህ «አቁሜዋለሁ» ማለትም እንደ «ጀምሬዋለሁ» ለሐኪም የሚነገር ዜና ነው።

የድብርት መድኃኒት ልትጀምሪ ከሆነ ደግሞ ክኒኑን ባቆምሽ ማግስት እንዳትውጪው። ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለብሽ ያዘዘልሽን ጠይቂ። ሁለቱ ከተደራረቡ አደገኛ ነው።

3. ደብተር ያዢ

እኔ የልጄን ያለቀ የሒሳብ ደብተር ነው የተጠቀምኩት። በየቀኑ አራት ነገር፦ ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሁ፣ ደም አለ ወይስ የለም፣ ንዴቴ ከ10 ስንት ነው፣ ምን ተፈጠረ። የዚያን ቀን የጻፍኩት ይኸውልሽ፦

«ማክሰኞ። እንቅልፍ 4 ሰዓት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በላብ ተነሳሁ። ደም የለም። ንዴት 9። የበርበሬ ዕቃ።»

ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሼ ሳየው ገረመኝ። ከ7 በላይ የጻፍኩባቸው ቀናት ከሞላ ጎደል ሁሉም ከመጥፎ ሌሊት ማግስት ናቸው። ልጄም ባሌም የሉበትም! (ባሌ አንድ ቀን አለበት።)

ደብተሩን እንዲህ አንብቢው። ማዞሩና መነጫነጩ ክኒኑን ባቆምሽ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መጥቶ በሁለት ሦስት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ ከሄደ፣ ያው የማቆሙ ጣጣ ሊሆን ይችላል። ከወር አበባሽ ጋር እየመጣ የሚሄድ ወይም ላብና ሙቀትን ተከትሎ የሚነሳ ከሆነ ቅድመ ማረጥ (የወር አበባ ጨርሶ ከመቆሙ በፊት ያለው የሽግግር ጊዜ) ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል፤ ክኒኑ ሸፍኖት የነበረው ነገር ይሆናል የተገለጠው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ የሚከፋሽ፣ ምንም የማያስደስትሽ ከሆነ ግን ድብርት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይይሽ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። አሜሪካ ከሆንሽ 988 ደውዪ፣ ሌላ አገር ከሆንሽ ቅርብሽ ያለ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ቅድመ ማረጥ አብዛኛውን ጊዜ በ40ዎቹ ዕድሜ ነው የሚጀምረው፣ በአማካይ 4 ዓመት ገደማ ይቆያል፣ አንዳንዷን ከዚያም በላይ ያንገላታታል። የሴት ሆርሞን የሆነው ኢስትሮጅን ቀስ እያለ የሚወርድ ይመስለን ነበር፤ ለካስ አንድ ሳምንት ሰማይ ይወጣል፣ በሚቀጥለው ይፈጠፈጣል። ስሜት ላይ የሚሠራው ሴሮቶኒንም አብሮ ይናጣል። ሴት አረጠች የምትባለው 12 ወር ሙሉ የወር አበባ ካላየች ነው። እስከዚያ ማርገዝ ትችያለሽ፣ እንዳትዘናጊ።

4. ከእንቅልፍ ጀምሪ

ሁሉንም በአንዴ ካልቀየርኩ አትበዪ። እንቅልፉን ብቻ ያዢ። መኝታ ቤቱን አቀዝቅዢ፣ ከጥጥ የተሠራ ልብስ ልበሺ፣ በአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ፈንታ በቀላሉ የምትገፊውን ጋቢ ደርቢ። የወይን ብርጭቆው ቶሎ ያስተኛሽና ሌሊት ይቀሰቅስሻል፣ ሙቀቱንም ሊያባብስ ይችላል።

የከበደኝ ቡናው ነው። ካፌይን ግማሹ ከደም ለመውጣት ብቻ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እሑድ አመሻሽ ላይ እንግዳ መጥቶ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ «እኔ ይቅርብኝ» ማለት እንደ ጠበኛ ያስቆጥራል። አሁን ከተቻለ ጠዋት እጋብዛለሁ፤ ካልተቻለ አቦሏን ተቀብዬ ስኒዋን ይዤ እቀመጣለሁ።

5. ደምሽን ተመርመሪ

በዚህ ዕድሜ የወር አበባ አንዳንዴ እንደ ጎርፍ ይወርዳል፣ ብረት ያሟጥጣል። ደም ማነስ ደግሞ ያደክማል፣ ያነጫንጫል። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ የሚባል ዕጢም ሲዛባ ልክ እንዲሁ ያደርጋል። ሁለቱንም አስመርምሪ። ከ45 ዓመት በላይ ከሆንሽ የሆርሞን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፣ ቁጥሩ ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ብዙም አይነግርሽም።

6. በሌላ ክኒን አትተኪው

ይሄን ጊዜ አክስቶች ይደውላሉ። አንዷ ጥቁር አዝሙድ፣ አንዷ አብሽ፣ አንዷ ደግሞ ከማን እንደሰማችው የማይታወቅ ዱቄት። ተልባ በምግብነት ጠጪ፣ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ክኒኑን ባቆምሽ ሳምንት አዲስ ነገር ከጀመርሽ የትኛው ምን እንዳደረገሽ መለየት ያቅትሻል፣ ደብተሩም ዋጋ ያጣል።

7. ለቤተሰብ ንገሪ

እናቶቻችን ዝም ብለው አሳለፉት፤ እኛም «እማዬ ዛሬ ምን ሆነች?» እያልን ነው ያደግነው። እኔ ልጄን አስቀምጬ «ሰውነቴ እየተለወጠ ነው፣ ስናደድ 20 ደቂቃ ስጪኝ» አልኳት። «እኔም እኮ ሰውነቴ እየተለወጠ ነው» አለችኝ። 14 ዓመቷ ነው። አሁን ሃያ ሃያ ደቂቃ እንሰጣጣለን።

8. ካልቀለለሽ ሕክምና አለ

የንግግር ሕክምና አለ፣ የድብርት መድኃኒት አለ፣ ሆርሞንም አለ። ኢስትሮጅን ሲታዘዝ ማሕፀን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን አብሮ ይሰጣል። የጡት ካንሰር ወይም የደም መርጋት ታሪክ ካለሽ ቀድመሽ ተናገሪ። ደብተሩንና የጠርሙሱን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፣ ቀጠሮው አጭር ስለሆነ ከሁሉ የባሰብሽን አንድ ነገር መጀመሪያ ተናገሪ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ አሜሪካ ውስጥ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ስትይዢ ጠይቂ እንጂ ልጅሽን አስተርጓሚ አድርገሽ እንዳትወስጂ፤ ስለ ወር አበባሽ፣ ስለ አልጋሽና ስለ ለቅሶሽ በ14 ዓመት ልጅ አፍ ማውራት ለሁለታችሁም አይሆንም።