የቅበላ የመጨረሻው ማዕድ፦ ምን ይበላ፣ ምን ይጠጣ?

ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሰኞ ከገባ በኋላ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም። ስለዚህ የቅበላዋ እሑድ ማዕድ እንደ ሌላ ቀን ምሳ አይደለችም። ብዙዎቻችን ግን ሳንመርጥ ነው የምንገባባት። ቅዳሜ ጥሬ ሥጋ፣ እሑድ ጠዋት ዱለት፣ ምሳ ላይ ዶሮ፣ ማታ ክትፎ፣ በየመሃሉ ቢራ፣ ከዚያ ሰኞ ሆድን ይዞ መዋል። የኔ ምክር አጭር ነው፦ አንድ ምግብ ምረጡ፣ እሱኑ በደንብ ብሉ።

መጀመሪያ ቀኑን እወቁ። ጾመ ነነዌ ከገባ ልክ በሁለት ሳምንቱ ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። በ2019 ዓ.ም. የሚገባው የካቲት 29 ስለሆነ ቅበላው እሑድ የካቲት 28 ነው። በዚያ ሳምንት ረቡዕና ዓርብ እንደወትሮው ይጾማሉ። ይህን ረስቶ ለዓርብ ማታ ሰው የሚጋብዝ አይጠፋም።

አሁን ወደ ምርጫው። ራሳችሁን የምትጠይቁት «ምን እወዳለሁ?» ብላችሁ አይደለም፤ ሁሉንም ትወዳላችሁ። «በጾሙ ምንም የማይተካልኝ የቱ ነው?» በሉ። በርበሬው፣ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው በጾምም አብሯችሁ ነው። ጥሩ ተጋቢኖ ሽሮ ያገኘ ሰው ሥጋን ለጊዜው ይረሳል። ቅቤን ግን የሚያስረሳ የለም። ዘይት ምግብ ያበስላል እንጂ ያ የተነጠረ ቅቤ ገና ከበር ሰውን የሚቀበልበትን ሽታ ከየት ያመጣል? ስለዚህ እኔ የምመርጠው ቅቤው ጎልቶ የሚወጣበትን ምግብ ነው፤ እሱም ክትፎ ነው።

ዶሮ ወጥስ? ዶሮ ወጥን የሚያህል የለም፣ ግን ፋሲካ ሌሊት ይጠብቃችኋል። መፈሰኪያ የሚሆነውን ምግብ በቅበላ ማባከን አይታየኝም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ደግሞ ሻኛና ጎድን አስቆርጦ በአዋዜና በሰናፍጭ ይብላ፣ አልከራከርም፤ ቅርጫ ከገባችሁማ ሥጋው ቤታችሁ ስላለ እሱ ይቀድማል። ከሥጋ ይልቅ ወተት የሚናፍቀው ሰውም አለ። እሱ የእሑድ ጠዋት ማኪያቶውን ቁጭ ብሎ፣ ስልኩን አስቀምጦ ይጠጣት። ከሰኞ ጀምሮ ቡና ወይ ስፕሪስ ነው።

ክትፎውን ቤት ከሠራችሁት ሥጋውን እሑድ ጠዋት ግዙ። ስብና ጅማት የሌለው ቀይ ሥጋ ይሁን፣ የቄራ ማኅተም ያለበት። በማሽን ከተፈጨው በቢላ የተከተፈው ይሻላል፤ ማሽኑ ሥጋውን ያላቁጠዋል። ለግማሽ ኪሎ 4 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ በቂ ነው። ቅቤውን በትንሽ እሳት አቅልጡት፣ እንዳይንጫጫ። ከእሳት አውጡና ሚጥሚጣውን፣ ኮረሪማውንና ጨውን እዚያው ቅቤ ውስጥ በትኑ፣ ሽታው እስኪነሳ ትንሽ ታገሡ፣ ከዚያ ሥጋውን ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ አሹት። ቅመሙ መጀመሪያ ቅቤው ውስጥ ሲገባ ሥጋው ላይ እኩል ይዳረሳል። በቀጥታ ሥጋው ላይ ከበተናችሁት አንዱ ጉርሻ ያቃጥላል፣ ሌላው አልጫ ይሆናል። ከጎኑ አይብና ጎመን፣ ከተገኘ ቆጮ። ሌላ አያስፈልግም።

ጥሬ ወይስ ለብለብ የሚለውን እናንተ ወስኑ፣ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አረቄ የኮሶ ትልን ይገድላል የሚባለው እውነት አይደለም። ትሉን የሚገድለው እሳት ነው፤ ለብለብም ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች የእሷ በደንብ ይብሰል። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ከሱፐርማርኬት የተፈጨ ሥጋ ገዝታችሁ ጥሬውን እንዳትበሉ። እሱ በስሎ እንዲበላ የተዘጋጀ ነው። ሙሉ ሥጋ አስቆርጣችሁ ቤት ክተፉት።

መጠጡም እንደ ምግቡ ይመረጣል። ቅቤ የበዛበት ምግብ ላይ ጣፋጭ ነገር ያንገሸግሻል። ስለዚህ ጠጅ ከሆነ ማሩ የበረደለት፣ በደንብ የፈላ ደረቅ ጠጅ ያዙ። ጠላም ቆንጆ ነው፤ የጌሾው ምሬት ቅቤውን ይቆርጠዋል። ቢራ ሆድ ይሞላል፣ ክትፎው ሳያልቅ ያጠግባችኋል፤ ከፈለጋችሁት ከምግቡ በኋላ ይምጣ። ለማይጠጣና ለልጆች ብርዝ ወይም አምቦ ውሃ። አጥብቀው የሚጾሙ ሰዎች በሁዳዴ መጠጥም ስለሚያቆሙ እሑድ ማታ «ለመጨረሻ ጊዜ» እያሉ ማብዛት አለ። ይሄ ነገር ደስ አይለኝም፤ ሰኞ ቅዳሴ ወይ ሥራ አለ፣ መኪና የያዘም አለ። ሁለት ብርሌ ጠጅ ከወዳጅ ጋር እየተጨዋወቱ ሲጠጡት ይበቃል።

ሰዓቱን ወደ ምሳ አምጡት። ከቅዳሴ መልስ፣ 7 ሰዓት አካባቢ፣ ሁሉም እርቦት የሚቀመጥበት ጊዜ ነው። ማታ ቀለል አድርጉት፤ አንድ ብርጭቆ ወተት፣ የተረፈ አይብ። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ክትፎ የበላ ሰው ሰኞን እስከ 9 ሰዓት ለመጾም ይቸገራል፣ ቃሩ ብቻውን ይበቃዋል።

የሚቀመጠውንም ሰው አስቡበት። ቅበላ ብቻ አይበላም። ሥጋ በዚያ ሳምንት ይወደዳል፣ ስለዚህ ጎረቤት ውስጥ መግዛት ያቃተው ካለ ቀድማችሁ ጥሩት ወይም ቤቱ ላኩለት፤ ትርፍራፊ ሳይሆን ከመጀመሪያው ሳህን። ተኳርፋችሁ የቆያችሁት ዘመድ ካለም ደውሉለት። ለጾሙም ይሄ ይቅደም፣ ማዕዱም የሚደምቀው እንዲህ ነው።

መጠኑን በሰው ልክ ሥሩ፣ ምክንያቱም እሑድ ማታ የተረፈ ክትፎን ሰኞ የሚበላው ትንሽ ልጅ ብቻ ነው፤ ለእሱም በደንብ ይብሰልለት። የተነጠረ ቅቤ ግን በደንብ ተከድኖ ፍሪጅ ውስጥ እስከ ፋሲካ ይቆያል። ዕቃውን በዚያው ማታ እጠቡ። ድስትና ሳህን በሙቅ ውሃና በሳሙና ይለቃል፣ የእንጨት መክተፊያ ግን ስቡን ስለሚመጥ ቢታጠብም ይሸታል። እሱን ለፍስክ ብቻ አስቀምጡትና ለጾሙ ሌላ ያዙ።