ላፕቶፑን ከፍ፣ እጅን ዝቅ

ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ካፌዎች በየትኛውም ብትገቡ ላፕቶፕ ላይ ያቀረቀረ ወጣት አታጡም። እባካችሁ ለአንገታችሁ እዘኑለት! የሰው ጭንቅላት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ወደ ፊት ባዘነበለ ቁጥር የአንገት ጡንቻ ሸክም ይጨምራል።

የላፕቶፕ ችግር ስክሪኑና ኪቦርዱ አለመለያየታቸው ነው፤ አንዱ ለዓይን ሲመች ሌላው ለእጅ አይመችም። መፍትሔው ቀላል ነው። ላፕቶፑን በወፋፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርጋችሁ የስክሪኑን የላይኛውን ጠርዝ ከዓይናችሁ ትይዩ አድርጉት፤ ከዚያ ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድና ማውስ ተጠቀሙ። ክርናችሁ ወደ 90 ዲግሪ ይታጠፍ። የእጃችሁ አንጓ ቀጥ ይበል እንጂ በጠረጴዛው ስለታም ጠርዝ ላይ አይጫን። በዚያ አንጓ ውስጥ፣ በጠባብ መተላለፊያ የሚያልፍ ነርቭ አለ፤ ጫና ሲበዛበት አውራ ጣትንና ከእሱ ቀጥለው ያሉትን ጣቶች ያደነዝዛል። እኔ መደንዘዙ ሌሊት ከእንቅልፌ እስኪቀሰቅሰኝ ድረስ ችላ ብዬው ነበር። እናንተ ያን ያህል አትጠብቁ፤ ከቀጠለ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

የጣና ነጸብራቅ ዓይን ያደክማል፤ ስለዚህ ሐይቁ በጎናችሁ እንዲሆን አድርጋችሁ ተቀመጡ። በየ20 ደቂቃው ግን ዞር በሉና ለ20 ሴኮንድ ከ6 ሜትር በላይ የራቀ ነገር ተመልከቱ። እኛ ደግሞ በዚህ ታድለናል፦ የደንገል ታንኳው አለ፣ ፔሊካኑ አለ። ቡና ስትፈልጉም አስተናጋጁን ከመጥራት ተነሥታችሁ ራሳችሁ አምጡ።