ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት መብራቱን እዩት

ላይቭ ስገባ ፊቴ ላይ ጥቁር መስመር እየተንሸራተተ ሲያስቸግረኝ ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ገዛሁ፣ አዲሱም ያንኑ መስመር ይዞ መጣ። ለካ ችግሩ አምፖሉ ነው። የኛ ሀገር ከረንት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲና ፍሎረሰንት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዓይናችን አያየውም ግን ካሜራው ሴቲንጉ 60 ላይ ከሆነ ይይዘዋል። ኦቢኤስ (ላይቭ ማስተላለፊያው የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ካሜራውን ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ኮንፊገር ቪዲዮ ውስጥ ፓወርላይን ፍሪኩዌንሲ የሚለውን 50 አድርጉት፣ በቃ። አሜሪካ ያላችሁ 60 ላይ ተዉት።

ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ከመሰለ፣ እጃችሁን ስታወዛውዙም ጭራ ካወጣ፣ ብርሃን አንሶታል። ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ብሎ እያንዳንዱን ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራበትን ነጠላ ምስል) ስለሚያስረዝም በሰከንድ 30 ፍሬም የነበረው ወደ 15 ይወርዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሮጦ ሪንግ ላይት ይገዛል፣ እኔ ግን መጀመሪያ ጠረጴዛውን አዙሩት ባይ ነኝ፣ መስኮቱ ከጀርባችሁ ሲሆን ካሜራው በመስኮቱ ብርሃን ተታሎ ፊታችሁን ከሰል ያደርገዋል፣ ፊት ለፊታችሁ ሲሆን ግን ያው ካሜራ ሌላ ካሜራ ነው የሚመስለው። ማታ የጠረጴዛ መብራቱን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩትና ነጸብራቁ ፊታችሁ ላይ ይረፍ። የኮርኒሱ አምፖል ብቻውን ከሆነ ዓይን ሥር ጥላ ይጥላል፣ ሳምንት ያልተኛ ሰው ነው የምትመስሉት።

ድምፁ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ከመሰለ ማይኩ ርቋል፣ ክፍሉም ባዶ ነው። ማይኩን ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ያህል አቅርቡትና ጌኑን፣ ማለት ማይኩ ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን፣ ቀንሱ፣ ሴራሚክ ወለል ላይ ምንጣፍ፣ ከማይኩ ኋላ ደግሞ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ስቀሉ፣ ካሜራ አያየውም አትፈሩ። ብሉቱዝ ኢርፎን ማይኩ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ሞድ ስለሚገባ ድምፁ ይታፈናል፣ ባለገመዱ ይሻላል።

ቪዲዮው እየተቆራረጠ ኦቢኤስ ላይ ድሮፕድ ፍሬምስ (ሳይላኩ የቀሩ ፍሬሞች) የሚለው ቁጥር እየጨመረ ከሄደ ኔትወርኩ ነው። ስፒድ ቴስት ስትሰሩ ዳውንሎዱን ሳይሆን አፕሎዱን እዩ፣ በሰከንድ 3 ሜጋቢት ከሆነ ኦቢኤስ ላይ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የዳታ መጠን) 2000 ኪሎቢት አድርጉና በ720 የምስል ጥራት ልቀቁ።

ድምፁ ከከንፈር ከቀደመ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡና ቅጂውን እዩት፣ ከዛ ኦቢኤስ ላይ አድቫንስድ ኦዲዮ ውስጥ ድምፁን በሚያዘገየው ሲንክ ኦፍሴት ላይ ከ100 ሚሊሰከንድ ጀምራችሁ ጭብጨባው ከእጃችሁ ጋር እስኪገጥም ከፍ አድርጉት።