ከቦሌ እስከ ዳለስ፦ ርቀቱና የጉዞ ሰዓቱ እንዴት ይሰላል?

ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ የሚለካ ሰው ይሳሳታል፤ ምድር ድቡልቡል ስለሆነች አጭሩ መንገድ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያንና ስፔንን አቋርጦ ነው አትላንቲክ የሚገባው።

ራስዎ ማስላት ከፈለጉ የስልክዎ ካልኩሌተር ይበቃል። የቦሌ ኬክሮስ (የሰሜን-ደቡብ ዲግሪው) 8.98 ሰሜን፣ ኬንትሮሱ (የምሥራቅ-ምዕራብ ዲግሪው) 38.80 ምሥራቅ ነው፤ የዳለስ 38.94 ሰሜን፣ 77.46 ምዕራብ። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም፤ 116.26 ይሆናል። ከዚያ የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን (sin) እርስ በርስ ያባዙ። ኮሳይኖቻቸውን (cos) ደግሞ ከ116.26 ኮሳይን ጋር ያባዙና ሁለቱን ውጤቶች ይደምሩ። −0.242 ይመጣል። የዚህ ተገላቢጦሽ ኮሳይን (cos⁻¹) 104 ዲግሪ ነው፤ አንድ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በ111.2 ሲባዛ ኪሎ ሜትሩን ይሰጣል። የማይሆን ቁጥር ከወጣ ካልኩሌተሩ ከዲግሪ ይልቅ በራዲያን ተስተካክሎ ይሆናል።

ለሰዓቱ፣ ርቀቱን ለ900 (የአውሮፕላኑ ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር) ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፦ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ከዳለስ ወደ ቦሌ ሲመጡ ይህ ግምት ብዙም አይስትም፤ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው ንፋስ ከኋላ ይገፋል። ሲሄዱ ግን ያው ንፋስ ፊት ለፊት ነው። በዚያ ላይ ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት ይከብደዋል። መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ የሚቀዳው ለዚህ ነው። በአንዳንድ ዓመታት ማረፊያው ደብሊን ነበር። በደብሊን መዞር የሚጨምረው 270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መነሳቱ ነው። የሰማይ መዘጋትም አለ፦ በሚያዝያ 2015 የሱዳን ሰማይ ሲዘጋ አጭሩ መስመርም አብሮ ተዘግቷል።

ትኬት ላይ የተጻፈው የየከተማው የራሱ ሰዓት ነው። የእኛ ሰዓት አይለወጥም። አሜሪካ ግን ከማርች ሁለተኛ እሑድ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ እሑድ ሰዓቷን ስለምታስቀድም ልዩነቱ 7 ሰዓት፣ በቀረው ጊዜ 8 ሰዓት ነው። ለምሳሌ በጃንዋሪ ሰኞ 22:15 ተነስቶ ማክሰኞ 08:00 ዳለስ የሚደርስ በረራ 9 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይመስላል። 08:00 ላይ 8 ሲጨመር አዲስ አበባ 16:00 ነው፤ እውነተኛው ጉዞ 17 ሰዓት ከ45 ደቂቃ።

ትልቁ ወጥመድ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የትኬቱን ሰዓት ወደ እኛ የሰዓት አቆጣጠር ሲያመጡ ከ07 እስከ 18 ካለው 6 ይቀንሱ፣ ከ19 እስከ 23 ካለው 18 ይቀንሱ፣ ከ00 እስከ 06 ባለው ላይ 6 ይጨምሩ። «ማክሰኞ 00:30» ማለት ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 6:30 ነው። ከበረራው 3 ሰዓት ቀድመው ቦሌ መገኘት ያለብዎት ሰኞ ማታ 3:30 ነው። ማክሰኞ ማታ 3:30 ሻንጣውን እየገፋ የሚደርስ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ 21 ሰዓት ሆኖታል።

ከዳለስ ወደ ሌላ የአሜሪካ ከተማ የሚቀጥሉ ከሆነ ቢያንስ የ3 ሰዓት ክፍተት ይያዙ፤ ፓስፖርት አሳይተው፣ ሻንጣ ተቀብለው፣ ጉምሩክ አልፈው ሻንጣውን እንደገና የሚያስረክቡት እዚያው ነው።